ሁለተኛው አቤቱታ በር ላይ ሲቀር

በጁን ወር 1987 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ የአንድ የሞት ፍርደኛ ጠበቆች 21 ገጽ በታይፕ የተጻፈ ሰነድ እጃቸው ገባ። (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍርደኛው ዋረን ማክለስኪ ይባላል። በ1978 በአትላንታ ከተማ፣ በአንድ የቤት ዕቃ መደብር ላይ በተፈጸመ ዘረፋ፣ ፍራንክ ሽላት የተባለ ፖሊስ ተገድሎ ነበርና ተኳሹ እርሱ ነው ተብሎ ተፈረደበት። ለፖሊስ በሰጠው ቃል በዘረፋው መካፈሉን ቢያምንም መተኮሱን ግን ክዷል። በችሎት ከመሰከሩበት ሰዎች አንዱ ከጎኑ ባለው ክፍል ታስሮ የነበረ እስረኛ ሲሆን፣ ማክለስኪ መግደሉን በራሱ አንደበት እንደነገረው ለዳኞቹ አስረዳ።

ጠበቆቹ ይህ ምስክር በአጋጣሚ አጠገቡ የታሰረ ሳይሆን ፖሊስ ሆን ብሎ ያስቀመጠው ጆሮ ጠቢ ነው ብለው ይጠረጥሩ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ክስ የተመሠረተበትንና ጠበቃ ያለውን ሰው፣ ጠበቃው በሌለበት፣ በጆሮ ጠቢ አማካይነት ማናዘዝ ክልክል ነው። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም። ነጥቡን በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት አንሥተው የሚያስረዱበት ስላጡ፣ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን አቤቱታ ሲያቀርቡ ተዉት።

21 ገጹ ሰነድ የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ምስክሩ ከችሎቱ በፊት ለፖሊስ የሰጠው ቃል ነበር። በሐሰት ስም ራሱን አስተዋውቆ፣ ከዘራፊዎቹ የአንዱ አጎት ነኝ ብሎ፣ ማክለስኪን እንዴት እንዳናገረው ይተርካል። አንድ የወህኒ ቤት ሹምም ቀርበው፣ እስረኛው ወደዚያ ክፍል የተዛወረው በመርማሪ ፖሊሶች ጥያቄ መሆኑን መሰከሩ። የፌዴራሉ ዳኛ ይህን ሰምተው ለማክለስኪ ፈረዱ። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1991 በ6 ለ3 ድምፅ በማክለስኪ ላይ ተወሰነ። ከእስረኛው ጋር ያወራውን እርሱ ራሱ ያውቀዋልና ነጥቡን በመጀመሪያው አቤቱታ ሊያነሣው ይገባ ነበር፤ ያኔ ካላነሣው በሁለተኛው ሊያነሣው አይችልም ተባለ። ማስረጃ ባይኖረው ተወው፤ ማስረጃውን ሲያገኝ ደግሞ ዘገየህ ተባለ። ሰነዱን ያን ሁሉ ዓመት ይዞት የነበረው ግን የመንግሥት ወገን ነው። ማክለስኪ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1991 በኤሌክትሪክ ወንበር ላይ ተገደለ።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። አንድ እስረኛ «ያለ አግባብ ታስሬያለሁ» ብሎ ስንት ጊዜ መጮህ ይችላል? ጩኸቱን የሚቆጥረውስ ማን ነው?

አካልን ነፃ ማውጣት

ሄቢየስ ኮርፐስ የሚባለው የላቲን ቃል በእኛ አገር የሕግ አማርኛ «አካልን ነፃ ማውጣት» ተብሎ ይታወቃል። በ1965 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ይደነግገዋል፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን ይህን መብት ያረጋግጣል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። የታሰረው ሰው፣ ወይም ስለ እርሱ ሌላ ሰው፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ አሳሪው በምን ሕግ እንደያዘው እንዲያስረዳ ያስጠይቃል። አሳሪው በቂ ምክንያት ካጣ ዳኛው ልቀቅ ብሎ ያዝዘዋል።

በእኛ አገር ይህን መንገድ የሚጠቀምበት በአብዛኛው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዘ ሰው ነው። በአሜሪካ ግን ከዚያ ሰፍቶ፣ ከ1867 ወዲህ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ተከሶ የተፈረደበት ሰውም ጭምር «ፍርዱ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል» እያለ ወደ ፌዴራል ዳኛ ሊሄድበት ይችላል። ለዚህም ነው የሞት ፍርደኞች የመጨረሻ ተስፋ ሆኖ የኖረው።

በጥንቱ የእንግሊዝ ልማድ ለዚህ አቤቱታ ቁጥር አልነበረውም። አንዱ ዳኛ ቢከለክል ወደ ሌላው መሄድ ይቻል ነበር፤ አንዴ የተነፈገ ነፃነት ለዘለዓለም ተነፍጎ አይቀርም የሚል አስተሳሰብ ነበረና። እንግሊዞች ራሳቸው በ1960 ይህን ገደቡት፦ በዚያው ምክንያት እንደገና ለማመልከት አዲስ ማስረጃ ያስፈልጋል አሉ። አሜሪካኖችም በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሰጠው ውሳኔ መጠነኛ መስመር አሰመሩ። ቀድሞ በቅጡ ተመርምሮ የተወሰነን ነጥብ ዳኛው እንደገና ላለመስማት ይችላል፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን ግን ይሰማል። በእኔ አስተያየት ይህ ሚዛኑን የጠበቀ መንገድ ነበር።

ገደብ ይጠበቅ የሚሉት ወገኖች ባዶ እጃቸውን እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። በ1992 በካሊፎርኒያ ሮበርት ሃሪስ የተባለ፣ ሁለት ወጣቶችን በመግደል የተፈረደበት ሰው፣ ሊገደል በነበረበት ሌሊት አራት ጊዜ የእግድ ትእዛዝ ተሰጠለት፤ አራቱም በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተነሡ። አንድ ጊዜማ በመርዝ ጋዙ ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ ከታሰረ በኋላ ተፈትቶ ወጥቷል። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከእርሱ ፈቃድ ውጪ ማንም ዳኛ እግድ እንዳይሰጥ አዝዞ ኤፕሪል 21 ሲነጋጋ ሰውየው ተገደለ። ልጁን በግፍ ያጣ አባት ዓመታት ሙሉ በየጊዜው «ዛሬ ነው፣ አይ ነገ ነው» እየተባለ ቁስሉ ሲነካካ መኖሩ በደል አይደለም ማለት አይቻልም።

ከኦክላሆማ በኋላ

ኤፕሪል 19 ቀን 1995 በኦክላሆማ ሲቲ የፌዴራሉ መንግሥት ሕንፃ በቦምብ ፈርሶ 168 ሰዎች አለቁ፤ ከነዚህም 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የብዙ የቴሌቪዥን ተንታኞች ጣት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ተቀስሮ ነበር። ለጉዞ የተነሣ አንድ ዮርዳኖስ የተወለደ አሜሪካዊ ለንደን ላይ ተይዞ ተመለሰ፤ ከነገሩ ግን ነፃ ነበር። ጥፋተኛው ቲሞቲ ማክቬይ የተባለ የቀድሞ የአሜሪካ ጦር ወታደር ሆኖ ተገኘ።

ጥርጣሬው ከሙስሊሙ ላይ ቢነሣም ቁጣው አልበረደም ነበርና ሕግ ወለደ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኤፕሪል 24 ቀን 1996 የፈረሙት አዋጅ ስሙ ሽብርን ስለ መከላከልና የሞት ቅጣትን ውጤታማ ስለ ማድረግ ይናገራል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው አሸባሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ በአዋጁ ውስጥ ያለው የሄቢየስ ኮርፐስ ክፍል ከሽብር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን፣ በስርቆትም ሆነ በአምባጓሮ የተፈረደበትን ማንኛውንም እስረኛ ይይዛል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው በመጀመሪያው አቤቱታ ያነሣውን ነጥብ በሁለተኛው ቢደግመው፣ ሳይመረመር ይዘጋል። አዲስ ነጥብ ቢያመጣም ከሁለት ጠባብ በሮች በአንዱ ማለፍ አለበት። አንደኛው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ የሕገ መንግሥት መርሕ አውጥቶ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ያደረገ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ቀድሞ በትጋት ቢፈለግ እንኳ ሊገኝ ያልቻለ አዲስ ፍሬ ነገር የተገኘ እንደሆነ ነው። እርሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ ተጥሶ ባይሆን ኖሮ ማንም አእምሮ ያለው ዳኛ ሊፈርድበት እንደማይችል በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መታየት አለበት። ይህንንም ለዳኛ በቀጥታ አያቀርብም። በመጀመሪያ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች «ማመልከት ትችላለህ» ብለው ሊፈቅዱለት ይገባል። ሕጉ በ30 ቀን እንዲወስኑ ያዝዛል። እምቢ ካሉ በእምቢታቸው ላይ ይግባኝ የለም፤ እንደገና ይታይልኝ ማለትም አይቻልም።

አዋጁ ገና ሁለት ወር እንደሞላው ፌልከር የተባለ የጆርጂያ ፍርደኛ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ አዋጁ ይጸናል አለ። ነገር ግን አንዲት ቀዳዳ ክፍት መሆኗን አመለከተ፦ እስረኛው በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለራሱ ማመልከት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ማንም የረባ ነገር ያላገኘባት ቀዳዳ ናት። ፌልከርም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተገደለ። ለሞት ፍርደኞች ጠበቃ ያቀርቡ ለነበሩ ማዕከላት ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ገንዘብ የተቋረጠውም በዚሁ ዓመት ነው። የመጀመሪያው አቤቱታ ሁሉንም ነገር መያዝ አለበት የሚል ሕግ ሲወጣ፣ ያን አቤቱታ አጣርቶ የሚጽፈው ጠበቃ ደመወዙን አጣ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት።

የትሮይ ዴቪስ ነገር

የዚህን ሕግ ጣጣ እንደ ትሮይ ዴቪስ ጉዳይ አጉልቶ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም። ኦገስት 19 ቀን 1989 በጆርጂያ፣ ሳቫና ከተማ፣ ማርክ ማክፌይል የተባለ ፖሊስ ከመደበኛ ሥራው ውጪ ጥበቃ ላይ ሳለ፣ የሚደበደብ መጠለያ የሌለው ሰው ለማዳን ሮጦ በጥይት ተገደለ። ዴቪስ ተከሶ በ1991 ሞት ተፈረደበት። መሣሪያው አልተገኘም፤ ክሱ የቆመው በዋናነት በዓይን ምስክሮች ላይ ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ ከዘጠኙ ዋና ምስክሮች ሰባቱ ቃላቸውን አነሡ ወይም ለወጡ። አንዳንዶቹ ፖሊስ አስጨንቆን ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ሌላ ሰው «እኔ ነኝ የገደልኩት» ሲል ሰምተናል ብለው ቃል ሰጡ። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በ4 ለ3 ድምፅ እንደገና አይታይም አለ። የመጀመሪያው የፌዴራል አቤቱታ ከዚያ በፊት ተዘግቷልና ዴቪስ ሁለተኛ ለማቅረብ ፈቃድ ጠየቀ። በኤፕሪል 2009 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች በ2 ለ1 ከለከሉት። ማስረጃው ቀደም ሲል ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ንጹሕ ነኝ ማለት ብቻውን ደግሞ በሕጉ በር አያስገባም አሉ። የተለዩት ዳኛ ሮዝመሪ ባርኬት ሕጉ ንጹሕ ሊሆን የሚችልን ሰው ለማስገደል ሊውል አይገባም ሲሉ ተቃወሙ።

ያቺ ቀዳዳ የተፈለገችው ያኔ ነው። በኦገስት 2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ የቀረበለትን አቤቱታ ተቀብሎ፣ አንድ የሳቫና ፌዴራል ዳኛ ምስክሮቹን እንዲሰሙ አዘዘ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። ዳኛ ስካሊያ ከዳኛ ቶማስ ጋር ሆነው ተቃወሙ። በአግባቡ የተዳኘ ሰው ኋላ ንጹሕ መሆኑን ለማሳመን ቢችል እንኳ፣ ሕገ መንግሥቱ መገደሉን ይከለክላል ብሎ ይህ ፍርድ ቤት ወስኖ አያውቅም የሚል ነበር ክርክራቸው። አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

በጁን 2010 ምስክሮቹ ቀረቡ። ዳኛ ዊሊያም ሙር ንጹሕን ሰው መግደል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን ተቀበሉ። ዴቪስ ግን አላሳመነኝም አሉ፤ አንዳንዶቹ ቃላቸውን አነሡ የተባሉት በእርግጥ አላነሡም፣ ሌሎቹም የማይታመኑ ናቸው ሲሉ ጻፉ። የዴቪስ ጠበቆች እዚያው ሊገኙ ይችሉ የነበሩ ምስክሮችን ሳያቀርቡ መቅረታቸውንም ነቀፉ። ይህን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ሰውየው ንጹሕ ነበር ብዬ ልምል አልችልም፤ የማክፌይል ቤተሰብም እስከ መጨረሻው ጥፋተኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ቃላቸውን ለወጡ የተባሉት ሰዎች በዳኛ ፊት ተጠይቀው የተደመጡት ከፍርዱ 19 ዓመት በኋላ፣ ያውም ግማሽ ምዕተ ዓመት ባልተከፈተ በር በኩል ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የማስረዳቱ ሸክም ጨርሶ ወደ ፍርደኛው ዞሯል፤ ጥርጣሬ ማሳየት አይበቃውም፣ ንጹሕነቱን ማረጋገጥ አለበት።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2011 ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊገደል ተቀጥሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ልመና እስኪያይ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ። ልመናው አልተሳካም፤ ዴቪስ አልገደልኩም እንዳለ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ በመርፌ ተገደለ።

እዚህ ላይ ጓንታናሞን የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። የእነዚያ ሙስሊም እስረኞች ትግል ግን ለመጀመሪያው አቤቱታ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2008 በቡመዲየን ጉዳይ መብቱ ለእነርሱም እንደሚደርስ ወሰነ። እኛ የምንነጋገረው በሩ አንዴ ተከፍቶላቸው ስለተዘጋባቸው ነው።

የሚገርመው ጥፋት ራሱ ጥፋት አለመሆኑ ሲታወቅም በሩ አለመከፈቱ ነው። ማርከስ ጆንስ የተባለ የፌዴራል እስረኛ ቀድሞ የተፈረደበት ሆኖ ሳለ መሣሪያ ይዘሃል ተብሎ በ2000 ጥፋተኛ ሆኖ ከ27 ዓመት በላይ ተፈረደበት። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ወንጀል ሰውየው መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ወገን መሆኑን ያውቅ እንደነበረ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት አለ። ጆንስ «እኔ አላውቅም ነበር» ብሎ ቢያመለክትም የመጀመሪያ ዕድሉን ቀድሞ ተጠቅሞበታል። በጁን 2023 በ6 ለ3 ድምፅ ተዘጋበት፤ የተለወጠው የሕገ መንግሥት መርሕ ሳይሆን የተራ ሕግ ትርጉም ነውና ከሁለቱ በሮች አንዱም አያስገባውም ተባለ።

ፉቀሃዎች ምን አሉ?

ፍርድ መቼ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ለእኛ ሊቃውንት አዲስ አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) በአንድ የውርስ ጉዳይ ላይ አንድ ፍርድ ሰጥተው፣ ተመሳሳዩ እንደገና ሲመጣ የተለየ ፍርድ እንደሰጡ፣ የመጀመሪያውን ግን እንዳላፈረሱት ይተረካል። ፉቀሃዎች ከዚህ ተነሥተው አንዱ ኢጅቲሃድ በሌላው አይፈርስም የሚል ደንብ አበጁ። ይህ ባይሆን ሰው ንብረቱን እርግጠኛ ሆኖ ሊይዝ አይችልምና። በሌላ በኩል፣ ዑመር ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ጻፉት ተብሎ የሚታወቀው ደብዳቤ ዳኛ ስሕተቱ ሲገለጥለት ወደ እውነቱ መመለስን እንዳያፍር ይመክራል።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ስለ ምስክሮች መመለስ የተጻፈው ባብ ነው። ምስክሮች ከፍርድ በኋላ ቃላቸውን ቢያነሡ፣ ጉዳዩ የገንዘብ ከሆነ ፍርዱ ይጸናል፤ ኪሣራውን ምስክሮቹ ይከፍላሉ። የሑዱድ ወይም የቂሷስ ጉዳይ ሆኖ ገና ያልተፈጸመ ከሆነ ግን አይፈጸምም ይላሉ አብዛኞቹ። ገንዘብ ይመለሳል፣ ነፍስ አትመለስም። የ1996ቱ አዋጅ ግን ለሁለቱም አንድ ቁልፍ ሠራ። ያንኑ ቃል እየደጋገሙ ዳኛ ማሰልቸትን መከልከሉን አልቃወምም። አዲስ ምስክር ይዞ የመጣን ሰው ከዚያ ጋር አንድ ላይ መቁጠሩ ነው በደሉ።

ዘመድ ወህኒ ላላቸው

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጅ ወይም ወንድም ታስሮባቸው ግራ ሲጋቡ፣ ነገሩን የሚያውቅ ጠበቃ እስኪያገኙ ድረስ ይህን ቢያውቁ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የፌዴራል አቤቱታ ምናልባት የመጨረሻው ነው። ፍርዱ ከጸና በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት በአግባቡ የቀረበ አቤቱታ በመታየት ላይ ያለበት ጊዜ አይቆጠርም። የክፍለ ግዛት ፍርደኛ ነጥቦቹን አስቀድሞ በዚያው ፍርድ ቤት ማንሣት አለበት። ይህን ሳያደርግ ቀርቶ አቤቱታው ቢመለስበት ግን፣ ከ2000 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ፣ ተመልሶ ሲያቀርብ ሁለተኛ ተብሎ አይቆጠርበትም።

ከሞት ፍርደኞች በስተቀር መንግሥት ለዚህ አቤቱታ ጠበቃ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። በዚህ ምክንያት ብዙ እስረኛ በወህኒው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ በእጁ ይጽፋል፤ ተስፋ ቆርጦ የጻፋት አንዲት ወረቀት ያለችውን ዕድል ትበላበታለች። ለፌዴራል እስረኞች በ2003 በካስትሮ ጉዳይ አንድ መከላከያ ተሰጥቷል። እስረኛው በሌላ ስም ያቀረበውን ማመልከቻ ዳኛው እንደ መጀመሪያ አቤቱታ ሊቆጥረው ከፈለገ፣ አስቀድሞ ሊያስጠነቅቀውና እንዲያነሣው ወይም እንዲያስተካክለው ዕድል ሊሰጠው ይገባል።

ወረቀቱንም በጊዜ መሰብሰብ ነው። ሪቨርስ የተባለ የቴክሳስ እስረኛ ከቀድሞ ጠበቃው መዝገቡን ለማግኘት ብዙ ታገለ። ሲያገኘው ለእርሱ ይጠቅማል ብሎ ያመነበት ሰነድ በውስጡ ነበር፤ የመጀመሪያው አቤቱታ ግን ውድቅ ሆኖ በይግባኝ ላይ ነበር። ይግባኙ ገና አላለቀምና አዲሱ ከመጀመሪያው ጋር ይታይልኝ አለ። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሊበራሎቹም ወግ አጥባቂዎቹም ሳይለያዩ፣ በአንድ ድምፅ ሁለተኛ አቤቱታ ነው አለው። እናም ጠበቃ ሲለወጥ ከቀድሞው ጠበቃ ሙሉውን መዝገብ በጽሑፍ መጠየቅና ቅጂውን ከወህኒው ውጪ፣ በቤተሰብ እጅ ማስቀመጥ፣ ዓመቱ ከመሙላቱ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነገር ነው።